ለቦረና መንገድ ትልቅ ሞተር ለሚገዙ

በደቡብ ወሎ ቦረና አካባቢ፣ በመካነ ሰላም፣ በወግዲና በአቀስታ ሞተር ሳይክል የሥራ መሣሪያ ነው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ባለሙያው፣ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተለው ሱፐርቫይዘር፣ ሸቀጥ የሚያመላልሰው ነጋዴ ሁሉ ኑሮው ከሁለት ጎማ ጋር የተያያዘ ነው። የሚነዱት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቦክሰር ነው፣ ወይ በመሥሪያ ቤት በኩል የመጣ ያማሃ ዲቲ ወይም ኤጂ። እነዚህ ሞተሮች ለአገሩ ብዙ ሠርተዋል፤ ለቀበሌ ሥራ ዛሬም ከእነሱ የሚሻል አላውቅም። ነገር ግን ሥራዎ ደሴ ድረስ መመላለስ ከጀመረ፣ ከኋላ ሰው አፈናጠው ረጅም ዳገት የሚወጡ ከሆነ፣ ወይም ዓባይን ተሻግረው መርጡለ ማርያምና ግንደ ወይን መድረስ ካማረዎት፣ ትንሹ ሞተር ጉልበቱ ያጥራል። ወደ ትልቅ የጉዞ ሞተር መሸጋገር የሚታሰበው ያን ጊዜ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ለዚህ አካባቢ ከ250 እስከ 450 ሲሲ ያለው፣ ክብደቱም ከ200 ኪሎ የማይበልጥ ሞተር ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለውን የምመክረው ውሎው በአስፋልት ላይ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

አንደኛ፦ ጉልበቱን በእኛ ከፍታ ያስሉት

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ወደ ለጋምቦ ሲያቀኑ መሬቱ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ የአምባ ፈሪት ተራራ ደግሞ ወደ 4,000 ይጠጋል። በ2,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ የኢንጅኑ ጉልበትም ወደዚያው መጠን ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የሚል ቦክሰር 150 እኛ ዘንድ የሚሰጠው ዘጠኝ ያህል ነው። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ተሸክሞ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ የሚያቃስተው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሻጩ የሚነግርዎትን የፈረስ ጉልበት በሩብ ቀንሰው ያስቡት። ለምሳሌ ሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያን 411 በወረቀት 24 የፈረስ ጉልበት አለው፤ እዚህ 18 ያህል ይሆናል። ያም ቢሆን ቦክሰሩ እዚሁ ከሚሰጠው እጥፍ ነው፤ ለዳገቱም ይበቃል። አዲሱ ሂማሊያን 450 እና ኬቲኤም 390 አድቬንቸር በወረቀት 40 ደርሰዋል፤ ከሩቡ ቅናሽ በኋላም 30 ይተርፋቸዋል። በጠጠር መንገድ ላይ ከዚህ በላይ ጉልበት የኋላ ጎማን ከማሽከርከር ያለፈ ጥቅም አይሰጥም።

ከዚሁ ጋር ካርቡሬተር ይሻላል ወይስ ኢንጄክሽን የሚለውን ይወስኑ። ካርቡሬተር ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጅ ያባክናል። ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሽ ቀዳዳ ለደጋ በሚስማማ በጠበበች መለወጥ አለባት። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ግን አየሩን ራሱ እየለካ ቤንዚኑን ይመጥናል። በአንድ ቀን ከዓባይ በረሃ ተነስተው የለጋምቦ ብርድ ውስጥ ለሚገቡ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዕዳውም አለው፤ ንጹሕ ቤንዚንና ጤነኛ ባትሪ ይፈልጋል። በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚን ውሃ ወይም ቆሻሻ ካለበት ካርቡሬተሩን መንገድ ዳር ፈተው ሊያጸዱት ይችላሉ፤ የኢንጄክሽኑ ፓምፕ ግን ታንከር ውስጥ ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም። ኢንጄክሽን ከገዙ የሚያጣሩበትን ጨርቅና ማንቆርቆሪያ ከሞተሩ እንዳይለዩ።

ሁለተኛ፦ ከመግዛትዎ በፊት አጋድመው ያንሱት

ከሁሉም ደረጃዎች ይህን አስበልጣለሁ። ቦክሰርና ዲቲ ክብደታቸው ከ120 ኪሎ ብዙ አይርቅም፤ ሲወድቁ መሪያቸውን ይዞ ማንሳት ይቻላል። ሂማሊያን ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። ያማሃ ቴኔሬ 700 ከነቤንዚኑ 204 ኪሎ ነው። ሆንዳ አፍሪካ ትዊን ከ225 ይበልጣል፤ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ደግሞ 249 ይደርሳል። በዚህ ላይ ሻንጣው ይጨመራል።

ብዙ ሰው የትልልቆቹን ሞተሮች ዝና የሰማው ከፊልም ነው። ተዋናዮቹ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዙ በቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ አገራችንን አቋርጠዋል። ከኋላቸው ግን መኪናና የቀረጻ ቡድን ነበረ። ከእነሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቴድ ሳይመን በ500 ሲሲ ትራያምፍ ብቻውን በኢትዮጵያ በኩል አልፎ ዓለምን ዞሯል። የእርስዎ ጉዞ የሚመስለው የሳይመንን ነው፤ ሲወድቁ የሚያነሱት ራስዎ ነዎት።

ፈተናው እንዲህ ይደረጋል። ሳር ሜዳ ላይ ሁለት ሰው ይዞልዎት ሞተሩን በቀስታ በጎኑ ያስተኙት። የተኛው በቀኙ ከሆነ የጎን ማቆሚያውን አስቀድመው ይክፈቱ፤ ሲነሳ በዚያው እንዲቆም። ማርሽ ውስጥ ይክተቱት። ከዚያ ጀርባዎን ሰጥተው በመቀመጫው ጫፍ ላይ ይደገፉ፤ በአንድ እጅ የመሪውን ጫፍ፣ በሌላው የኋላውን እጀታ ወይም ፍሬም ይያዙ፤ ወገብዎን ቀጥ አድርገው በእግርዎ ኃይል ትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየገፉ ያንሱት። ይህን አከታትለው ሁለት ጊዜ ብቻዎን ማድረግ ካቃተዎት ያ ሞተር ለእርስዎ አልተሠራም፤ በሌላ ያስቡ። ሻጩ ይህን ለማድረግ ካልፈቀደ የጓደኛን ተመሳሳይ ሞተር ይለምኑ።

የመቀመጫው ከፍታም ከክብደቱ ጋር አብሮ ይታያል። ሂማሊያን 411 ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቴኔሬ 700 ወደ 88 ይጠጋል። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው በሁለተኛው ላይ በእግር ጣቱ ጫፍ ነው የሚቆመው። አህያ ጭነቷን ይዛ ድንገት መንገድ ስትገባ፣ ተዳፋት ላይ፣ አንዱ እግር የሚያርፍበት ቦታ ጉድጓድ ሲሆን የስምንት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ሲሞክሩት በየዕለቱ የሚያደርጉትን ጫማ ያድርጉ፤ ከኋላም ሰው ይቀመጥ።

ሦስተኛ፦ ጎማውን ለዋልካ ይምረጡ

ክረምት ላይ የቦረናና የለጋምቦ ጥቁር አፈር ምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ዋልካው ጎማ ላይ ይጠቀለላል፤ ከፊት ጭቃ መከላከያው ዝቅ ብሎ ጎማውን የሚነካካ ከሆነ መሃሉ ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል። ሰው ሞተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲመርጡ በፊት መከላከያውና በጎማው መካከል እጅዎን በነፃነት ማስገባት መቻልዎን ያረጋግጡ። ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍ ማድረግ ወይም ለክረምቱ ማውጣት የሚቻል መሆኑን መካኒክ ይጠይቁ።

የፊት ቸርኬው 21 ኢንች ቢሆን እመርጣለሁ። ትልቅ ቸርኬ ድንጋይና ቦይ ላይ ይወጣል፤ 17 ኢንች ያለው ይገባበታል። ሌላም ጥቅም አለው፤ የዲቲ 125 የፊት ጎማ ልኩ 2.75-21 ነው፤ ትልልቆቹ ላይ ደግሞ 90/90-21 ተብሎ ይጻፋል። 2.75/3.00-21 ተብሎ የሚሸጠው ካላማዳሪያ ለሁለቱም ይሆናል። ስለዚህ የፊት ጎማዎ ከተነፈሰ የጤና ጣቢያው ዲቲ ካላማዳሪያ ሊያደርስዎት ይችላል። ለኋላው 17 ወይም 18 መሆኑን አይተው መለዋወጫ ካላማዳሪያ ይግዙለት፤ እሱ በቀላሉ ከሌላ አይለመንም።

አሎይ ቸርኬና ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራ ጎማ ለአስፋልት ጥሩ ነው። ድንጋይ ላይ ሲጣመም ወይም ሲሰነጠቅ ግን ጎሚስታው ምንም አያደርግልዎትም። ሽቦ ያለውን ቸርኬ ማንኛውም ልምድ ያለው ሠራተኛ ያቃናዋል። ሲገዙ እያንዳንዱን ሽቦ በብረት ቀስ ብለው ይንኩት፤ የላላው ድምፁ ይለያል።

አራተኛ፦ የነዳጁን ርቀት ይለኩ

ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 360። ቤንዚን በየከተማው በፈለጉት ሰዓት እንደማይገኝ ያውቃሉ። ሂማሊያን 411 ታንከሩ 15 ሊትር ይይዛል። በእኛ ዳገት በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳ 375 ይሆናል፤ ደርሶ መልሱን ለጥቂት ያስኬዳል። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል ክብደቱ 142 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ለድንጋይ መንገድ በጣም የምወደው ሞተር ነው፤ ታንከሩ ግን ስምንት ሊትር አይሞላም። እሱን የሚገዛ ሰው ተጨማሪ ታንከር ወይም በደንብ የታሰረ የብረት ጀሪካን ያስብ። የፕላስቲክ ጀሪካን በሰንሰለቱና በማርሚታው አጠገብ አይሰቀል።

አምስተኛ፦ ከሞተሩ በፊት መለዋወጫውን ይግዙ

በልብ የመረጡት ሞተር ካለ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስልክ ይደውሉ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ። የሚጠይቁት ይህን ነው፦ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክና ገመድ፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ፣ ሰንሰለት ከነጥርሶቹ፣ ካንዴላ፣ የፊት ሾክ ጎሚኒ። ስምንት ዕቃ ነው። አምስቱን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካገኙ ይግዙት። ሁሉም «አዲስ አበባ ይታዘዛል» ከተባሉ ከአገልግሎቱ ይልቅ ቆሞ የሚውልበት ቀን እንደሚበዛ አስበው ይወስኑ። «ከውጭ ይመጣል» ከተባለ ይተዉት፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

ለዚህ ነው ከታወቁት የጉዞ ሞተሮች ይልቅ አንዳንዴ ያገለገለ ያማሃ ኤክስቲ 250 ወይም፣ ካልኩት ልክ ቢያንስም፣ ኤጂ 200ን የምመክረው። ስማቸው አያስደንቅም፤ መካኒኩ ግን እጁ ለምዷቸዋል።

ከውጭ ለማስመጣት ያሰቡ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማድረጉን ልብ ይበሉ። ሞተር ሳይክልዎ በምን ሁኔታ እንደሚስተናገድና ቀረጡ ስንት እንደሚመጣ ከጉምሩክ በጽሑፍ ሳያውቁ ቀብድ አይክፈሉ።

ስድስተኛ፦ ወረቀቱን ይመርምሩ

ትልልቅ ሞተር ገበያ ላይ በብዛት የሚወጣው ከመንግሥታዊና መንግሥታዊ ካልሆኑ ድርጅቶች ጨረታ ነው። ዋጋው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ይህን ሳይጠይቁ የሚገዙ ሰዎች ሞተሩን ቤት አቁመው ዓመት ይጠብቃሉ። ሊብሬውን ይዘው የኢንጅንና የሻንሲ ቁጥሩን በዓይንዎ ያመሳክሩ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ጉዳዩን እዚያው ያቁሙ። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ከመንገድ ትራንስፖርት ይጠይቁ፤ ሽያጩን በውልና ማስረጃ ያስመዝግቡ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው፤ ቦሎም እንዲሁ ያስፈልጋል።

መንጃ ፈቃድዎም በሞተር ሳይክል ምድብ የተሰጠ ይሁን። የመኪና መንጃ ፈቃድ ይበቃኛል ብሎ የሚነዳ ሰው አደጋ ቢደርስበት መድን ድርጅቱም ይከራከረዋል።

ያገለገለ ሲያዩ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ይሂዱ፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው፤ ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል፤ የማይጠፋ ነጭ ጭስ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኢንጅን ላይ ከታየ ትተውት ይሂዱ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተው መሪውን ቀስ ብለው ያዙሩ፤ መሃል ላይ ቆም የሚል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። የሰንሰለቱን ጥርሶች ይዩ፤ እንደ መንጠቆ ከጎበጡ ሙሉ ስብስቡ ይለወጣል፤ ያንን ዋጋ ከሽያጩ ላይ ያስቀንሱ።

ሰባተኛ፦ ቁልቁለቱን እንደገና ይማሩ

ከዲቲ የሚመጣ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያንብብ። ዲቲ ሁለት ስትሮክ ነው። ነዳጅ ሲለቁት ኢንጅኑ ብዙም አይይዝም፤ ቁልቁለቱን የሚወርዱት በፍሬን ነው። በአራት ስትሮክ ትልቅ ነጠላ ሲሊንደር ላይ ግን ነዳጅ ሲለቁ የኋላው ጎማ ራሱ ይያዛል። ይህ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ ሆነው ፍሬኑን ሳያግሉ ሸለቆውን መጨረስ ይችላሉ። የላላ ጠጠር ላይ ግን ማርሹን ድንገት ቢቀንሱ የኋላው ጎማ ይቆለፍና ይንሸራተታል። መፍትሔው ፍሪሲዮኑን በቀስታ መልቀቅና ከመልቀቅዎ በፊት ነዳጁን ትንሽ ነካ ማድረግ ነው፤ ጎማውና ኢንጅኑ ፍጥነታቸው ይቀራረባል።

የፊት ፍሬኑም ይለያል። የቦክሰሩ ደካማ ስለሆነ እጅዎ መጭመቅ ለምዷል። ዲስክ ፍሬን ላይ ያው ጉልበት የፊቱን ጎማ ጠጠር ላይ ያንሸራትተዋል። በሁለት ጣት ይንኩት። ኤቢኤስ ያለው ከሆነ አስፋልት ላይ ይርዳዎት፤ በገደላማ ፒስታ ላይ ግን የኋላው ኤቢኤስ ሞተሩን አላስቆም ስለሚል መጥፊያ ቁልፍ ያለው ሞዴል ቢሆን ይመረጣል።

ለመለማመድ መኸር የተነሳለት ሜዳ ያግኙ፤ ባለቤቱን አስፈቅደው። መርገጫው ላይ ቆመው፣ ጉልበትዎ ታንከሩን ይዞ፣ ክርንዎ ወደ ውጭ ወጥቶ በቀስታ ስምንት ቁጥር ይሥሩ። ከዚያ አጭር ተዳፋት ላይ ቆመው መነሳትን፣ ወደ ኋላ ሳይንሸራተቱ፣ በኋላ ፍሬንና በፍሪሲዮን ብቻ ይለማመዱ። ኢንጅኑ ዳገት መሃል ቢጠፋ ማርሽ ውስጥ እንደሆነ ፍሪሲዮኑን ይልቀቁት፤ ራሱ ይይዝልዎታል። ይህ ልምድ እጅዎ ላይ ሳይገባ ሰው አያፈናጡ።

ስምንተኛ፦ ጭነትና ሰው

ጭነቱ ዝቅ ይበል፤ ወደ መሃልም ይጠጋ። ከኋላ ጫፍ ላይ የተቆለለ ኩንታል ዳገት ላይ የፊቱን ጎማ ያቀልና መሪው አይታዘዝም። ከጠንካራ የብረት ሣጥን ይልቅ የሸራ ሻንጣ ይሻላል፤ ሲወድቁ እግርዎን አይሰብርም።

እናቶቻችን በጎን ተቀምጠው መሄድ ለምደዋል። በትንሹ ሞተር ላይም አደገኛ ነበር፤ በረጅሙ ላይ ከቶ አይሞከርም። እግራቸውን ግራና ቀኝ አድርገው እንዲቀመጡ በትሕትና ይለምኗቸው፤ እምቢ ካሉ በመኪና ይሳፈሩ። ጋቢና ነጠላ ጫፉ ሰንሰለቱና ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ከመነሳትዎ በፊት ዙሪያውን ይሰብስቡ። የራስ ቁር ለሁለቱም ሰው ነው።

ዘጠነኛ፦ የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ

ከደሴ አስቀድመው ወደ አጅባር ወይም ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ አቅጣጫ በግማሽ ቀን ደርሰው የሚመለሱበትን መንገድ ይምረጡ፤ ጭላዳውንም ያያሉ፤ ቀይ ቀበሮ ካጋጠመዎ ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቁት። ጠዋት ጉም ሲገፈፍ ይነሱ፤ ከጨለመ በኋላ ከብትና ጋሪ ስለማይታይ አይንዱ። የሞተር እንቅስቃሴ የሚገደብበት ጊዜ ስለሚኖር ስለመንገዱ ሁኔታ ከፊት ያለው ከተማ ላይ ያለ ሰው ደውለው ይጠይቁ። አዲስ አበባ የሚዘልቁ ከሆነ ከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብና የፈቃድ ሥርዓት እንዳላት ይወቁ፤ መግባት እንደሚችሉ ካላረጋገጡ ሞተሩን ዳር ላይ አሳድረው በታክሲ ይግቡ።

ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የአዲስ ሞተር ዘይት ይለወጥ፤ ሽቦዎቹ ይጠበቁ፤ የሻንጣ መያዣውና የማርሚታው ብሎኖች አንድ በአንድ በቁልፍ ይነኩ። ፒስታ የፈታውን ብሎን ቀድሞ የሚያገኘው እጅዎ ቢሆን ይሻላልና ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመካኒኩ ጎን ቆመው ራስዎ ይሥሩት፤ ሦስት የጎማ ማውጫ ብረት፣ የእጅ መንፊያና ሁለት ካላማዳሪያም ዛሬውኑ ከመቀመጫው ሥር ይግቡ።